የግራው ዋሻ

ስሜ አራጌ ነው። የጥቁር ውሃ ጥበቃ ነኝ። ጥቁር ውሃ ከመካነ ሰላም ግማሽ ሰዓት ቁልቁል ተወርዶ፣ ገደሉ ሥር የሚገኝ የድሮ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነው። በደርግ ጊዜ ተቆፈረ፣ በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ተዘጋ፣ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሌሊት ወፍና የጃርት ቤት ሆኖ ኖረ። አሁን ደግሞ ላቦራቶሪ ሊሆን ነው አሉ። ሲነግሩኝ ሳቅሁ። ላቦራቶሪ ማለት ለእኔ ሽንት በብልቃጥ የሚሰጥበት ቤት ነበር፤ ለዚያ ብሎ ማን ተራራ ሆድ ውስጥ ይገባል?

ያስረዳችኝ ሱሀይላ ናት። ሱሀይላ የአቀስታ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ውጭ አገርም ተምራ የመጣች። ትዕግሥቷ ለጉድ ነው። «ጋሼ አራጌ» አለችኝ፣ «ከሰማይ ቀን ከሌት ዓይን የማያየው ነገር ይዘንባል። መሣሪያችንን ሜዳ ላይ ብናስቀምጠው ይረብሸዋል። ይኼ ዋሻ ግን ከአናቱ ስድስት መቶ ሜትር ቋጥኝ አለው፣ ዝናቡን ይይዝልናል። የሰውና የመኪና እንቅስቃሴም አይደርስበትም። እዚያ ጸጥታ ውስጥ ሆነን ሌላ ቦታ የማይሰማውን እንሰማለን። የመሬት መንቀጥቀጥንም ጭምር።» በአፋር በኩል መሬት ሲናጥ የእኛም ቤት ቆርቆሮ ሲንኳኳ ስለከረመ የመጨረሻው ገባኝ። የቀረውን እሺ ብዬ ተውሁት።

ቢጫ ሄልሜት ሰጡኝ። አንድ ጢሙ ገና ያልጠና ጎረምሳ ከአዲስ አበባ መጥቶ ዋሻ እንዴት እንደሚገባ ሁለት ቀን ሙሉ አስተማረኝ። እኔ እዚያ ዋሻ ውስጥ ስድስት ዓመት ራሴን በነጠላ አስሬ ስቆፍር እሱ አልተወለደም ነበር። ምን ቆርጦኝ ልናገር፤ አዳምጬ፣ አዳምጬ ፈረምሁ።

እኛ ግን የራሳችን ሕግ ነበረን። ዋሻ ውስጥ አይጮህም፤ ድምፅ አይደርስም፣ ቢደርስም ጣሪያውን ያስቆጣዋል ይባል ነበር። የምንነጋገረው ከሰል በሚወጣበት ሀዲድ ነው። የሚገባ ሰው ሀዲዱን በመዶሻ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ እየመጣሁ ነው ማለት ነው። ውስጥ ያለው ሁለት ይመልሳል፤ ግባ ማለት ነው። አንድ ከመታ ግን አትግባ፣ ጣሪያው ከፍቷል ማለት ነው። ይኼን ሕግ የጣሰ ሰው ማንም አብሮት አይገባም።

እኔ የምገባው ከሀምዱ ጋር ነበር። ቆፋሪ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ሲቆፍር አንዱ ያወጣል፣ ቋሚ ያቆማል። ረመዳን ሲሆን ከባዱን ሥራ እኔ እይዝለታለሁ፣ ሁዳዴ ሲገባ እሱ ይይዝልኛል። ዘሊካን ሲያገባ ሚዜው ነበርሁ። ሥራ ላይ ግን አስቸጋሪ ሰው ነው፤ ያወጣውን ድንጋይ ከኋላው በልክ በልኩ ካልደረደረ ሌላ አይጀምርም። «ከሰል እያወጣህ ነው ወይስ ግንብ እየሠራህ?» እለው ነበር። አይሰማኝም።

በሰማንያ አንድ፣ መጋቢት ላይ፣ ቋሚ እንጨት ላመጣ ወጣሁ። እሱ ወደ ግራ በሚታጠፈው ቅርንጫፍ፣ ግራው ዋሻ በምንለው ውስጥ ቀረ። እንጨቱን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግሁ ዋሻው ተናደ።

የመጀመሪያውን ቀን ሁላችንም ቆፈርን። አራት ሜትር ያህል ገባን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጣሪያው ደግሞ ወረደና የሁለት ሰው እግር ሰበረ። ያን ጊዜ የነበረው ኃላፊ «ይብቃ፣ ለሞተ ሰው ብዬ የቆመ ሰው አልጨርስም» አለ። ሰዉ እየተግተለተለ ሲወጣ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከፍርስራሹ ሥር የሚወጣው ሀዲድ ላይ ሦስት ጊዜ መታሁና ጆሮዬን ለጠፍሁ። ዝም። ቆየሁ። ከዚያ አንድ ምት ሰማሁ። ረጅም ዝምታ ሆነ። ደግሞ አንድ።

አንድ ማለት አትግባ ማለት ነው። ሰዎቹን ጠርቼ አለ፣ በሕይወት አለ ብላቸው ይመለሱ ነበር። ግን ፈርቼ ነበር፤ ያ አንድ ምት ደግሞ ለፍርሃቴ ምክንያት ሆነልኝ። አትግባ ብሏል፣ ሕግ ሕግ ነው ብዬ ወጣሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም።

ከዋሻው አፍ ዘሊካ ቁጭ ብላለች። ሀያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ኢልሀም በሆዷ ናት። «ተሰቃይቶ ነው? ወላሂ በለኝ» አለችኝ። «ወላሂ፣ ወዲያው ነው። ምንም አላወቀም» አልኋት። በሐሰት ማልሁላት።

ማውጫው ሲዘጋ እኔን ንብረት ጠባቂ አድርገው ተዉኝ። ምን ንብረት አለ፤ የዛገ ሀዲድና ጎማ የሌላቸው ሁለት የከሰል ጋሪዎች። ጠዋት ጠዋት ስገባ ግን በግራው ዋሻ አፍ ሀዲዱን ሦስት ጊዜ እመታለሁ። ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ እንደሚሳለመው ነው፤ እጄ ለመደው። ዘሊካ ደግሞ በየዓመቱ በአረፋ ማግስት ትመጣለች። የባሏ መቃብር የላትምና እዚያው ከዋሻው አፍ ቁጭ ብላ ለነፍሱ ፋቲሀ ትቀራለች። ስትነሳ «አልሀምዱሊላህ፣ እንኳን አልተሰቃየ» ትለኛለች። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እላታለሁ። በየዓመቱ እንዲሁ።

እንግዲህ ላቦራቶሪው ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈራሁት፤ ግራውን ዋሻ እንዳይከፍቱብኝ። ሰው አጥንት ሲያገኝ የት እንደወደቀ ያያል። ወዲያው የሞተና ቆይቶ የሞተ ሰው አወዳደቃቸው አንድ አይደለም። ዋሻው ከተከፈተ ዘሊካ በሐሰት እንደማልሁባት ታውቃለች። ስለዚህ የፕሮጀክቱን ኃላፊ ኢንጂነር አለምነውን ገና በመጣ በሳምንቱ ያዝሁት። «ግራው የተረገመ ነው፣ ዝም ብላችሁ በኮንክሪት ድፈኑት» አልሁት። «እናየዋለን አባት» አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ደሜን ያፈላዋል።

ከዚያ የፈተናው ወር መጣ። ሱሀይላ ጆሮ የመሰሉ መሣሪያዎቿን ግድግዳው ላይ ተከለች። አንድ ወር ሙሉ የዋሻው ጸጥታ ይለካል፤ ጸጥ ካለ ላቦራቶሪው ይሠራል፣ ካልሆነ ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ። ለመካነ ሰላም ቀላል ነገር አይደለም። ግማሹ ወጣት ሳዑዲ ነው፣ የቀረው ፓስፖርት የሚጠብቅ ነው፤ ስድሳ ሰው እቀጥራለሁ የሚል ሥራ ከየት ይመጣል? እኔም ብሆን ሥራው እንዲቀር አልፈልግም። ግራው ብቻ ይቅርልኝ ነው ያልሁት።

በሳምንቱ የሱሀይላ ፊት ጠቆረ። ሰበሰበችን። «በየቀኑ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ አንድ ጫጫታ አለ» አለች። «ካልጠፋ ፈተናውን አናልፍም።»

መጀመሪያ የተጠረጠረው ከገደሉ በላይ ያለው ወፍጮ ነው። ባለቤቱ ሦስት ቀን ዘጋልን፤ ጫጫታው አልቀረም። ከዚያ የማርያም ደወልና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተጠረጠሩ። ቄሱም ሼኩም ሰዓታቸውን ነገሩን፤ አልገጠመም። ቀጥሎ ማነው «ጃርት ይሆናል» ያለው? እኔው ነኝ። እስኪ አሁን ማን ይሙት፣ ጃርት ሰዓት ያውቃል? ለጃርቱ ወጥመድ ሠራሁ፣ ሦስት ጠዋት አደባሁ። ሳደባ እንኳ መጀመሪያ ሀዲዴን ሦስት ጊዜ መትቼ ነው ቦታዬን የምይዘው።

ሞኝ ነው አትበሉኝ። መሣሪያው የሰማይ ነገር ያዳምጣል ተብያለሁ። ደግሞስ ሰላምታ ጫጫታ ነው ብሎ ማን ያስባል?

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ አንድ ጠዋት ሦስተኛውን ስመታ ከኋላዬ «ጋሼ አራጌ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መዶሻው ከእጄ ወደቀ። ሱሀይላ ናት፣ መብራቷን አጥፍታ ቆማለች። በቃ ተባረርሁ አልሁ። እሷ ግን ሳቀች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ እስክትል ሳቀች። «እኔ ወፍጮ አዘጋሁ እኮ» አለች፣ «የሰው ወፍጮ።» ከዚያ ለምን እንደምመታ ጠየቀችኝ። የሦስቱን፣ የሁለቱን፣ የአንዱን ሕግ ነገርኋት፤ ሀምዱ እዚያ እንደቀረም ነገርኋት። የሰማሁትን አንድ ምት ግን ዋጥሁት። ፈተናው እስኪያልቅ እንዳልመታ አስማለችኝና ተለያየን። ጸጥታው ተለካ፤ ዋሻው አለፈ። ከተማው ደስ ብሎት በግ ታረደ።

በግ በታረደ በሳምንቱ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ጥበቃ ቤቴ መጣች። መስመር በመስመር የሆነ ነገር አሳየችኝ። «ይኼ የእርስዎ ምት ነው» አለች። «ይኼ ትንሹ ደግሞ ነጥሮ የተመለሰው ነው። በየቀኑ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መዶሻ፣ ሦስት ጊዜ ሳያዛንፉ ስለመቱ ነው ያየነው። ፍርስራሹ አሥር ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው፤ ክፍል አለ።»

ክው አልሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የደበቅሁትን በገዛ መዶሻዬ አወጣሁት።

«ድፈኑት» አልኋት። «እንዲያ ያለ ባዶ ቦታ ተደፍኖ አይተውም፣ አንድ ቀን ይወርድብናል» አለች። «ደግሞ ሰው አለበት ጋሼ። ሰው እያለበት ኮንክሪት አናፈስም። ተከፍቶ ይወጣል፤ ቤተሰቡ ይጠየቅ።» ከኢንጂነር አለምነው ጋር ሆና ዘሊካ ዘንድ ሄደች። ዘሊካ ነገራቸውን አላስጨረሰቻቸውም፤ «ይውጣልኝ» አለች።

እንግዲህ ሌላ ሰው ከሚነግራት እኔ ልንገራት ብዬ በማግስቱ ሄድሁ። ኢልሀም ከጅዳ በምትልከው የተሠራ ብሎኬት ቤት ነው፣ ሰፊ ግቢ አለው። በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ተናገርሁ፤ ወዲያው እንዳልሞተ፣ በሁለተኛው ቀን አንድ አንድ ሲመታ እንደሰማሁ፣ ለማንም እንዳልተናገርሁ።

ምስር መልቀሟን ተወች። «አንድ?» አለችኝ።

«አንድ።»

«አንድ ማለት አትግቡ አይደል? ሀምዱ ነግሮኝ ነበር።» እንባዋ ወረደ፤ ፊቷ ግን አልተከፋም። «ጣሪያው እንደሚወርድ አይቶ ነዋ። ሰው እንዳይከተለው ብሎ ነዋ። እናንተን አድኖ ነው የሞተው።»

«ዋሸሁሽ እኮ ዘሊካ።»

«ዋሸኸኝ። ለሱ አላህ ይጠይቅህ። ግን ይኼ ይሻለኛል» አለችና ስልኳን አነሳች። ለኢልሀም ደወለች። «አባትሽ ሰው አድኖ ነው የሞተው» ስትላት ልጅቷ ከወዲያ ስታለቅስ ይሰማኛል።

ከዚያ ግቢ ስወጣ እግሬ ቀለለኝ። እውነቴን ነው። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ቆሜ ሰላም ስል «ምን አግኝተህ ነው ዛሬ?» አሉኝ። በሳምንት ውስጥ ወሬው ወረኢሉ ድረስ ደረሰ። የቅሬያችን፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ዳኛ ጋሽ ቢተው አቅፈው ሳሙኝና «ሀምዱ ያዳነህ ሰው» አሉኝ። የሕዝብ ቀብር ይሆናል፣ እኔም እናገራለሁ አሉ።

ዋሻው በሦስት ሳምንት ተከፈተ። አሁን እንደኛ ጊዜ አይደለም፤ እየቆፈሩ በብረት ቅስት ይደግፉታል፣ ሲሚንቶ በቱቦ ይረጩበታል። ሊደርሱ ሲሉ ሱሀይላ አስጠራችኝ። «ሰውየውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ መጀመሪያ እርስዎ ይግቡ» አለች። ሄልሜቴን አጠበቅሁና ገባሁ።

ክፍሉ የአንድ ጎጆ ያህል ነው። መሀሉ ባዶ ነው፤ ሀምዱ እዚያ የለም። ዞር ብዬ ወደ እኛ በኩል አየሁ። ከሀዲዱ ጎን፣ ፍርስራሹ ውስጥ፣ በዲጂኖ የተቦረቦረ ጉድጓድ አለ፣ ሁለት ሜትር ይሆናል፣ ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባበት። እዚያ ውስጥ በግንባሩ እንደተደፋ ነው። ጭንቅላቱ ወደ እኛ ነው። እጁ ሥር ዲጂኖው አለ። ያወጣውን ድንጋይ ከኋላው በልክ በልኩ ደርድሮታል።

ሀዲዱን በመብራቴ አየሁት። ዲጂኖው ሲስት ብረቱን የነካበት ጭረት አለ፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ።

ሁሉም ነገር ገባኝ። የደከመ ሰው እንዲህ ነው የሚቆፍረው። አንድ ይመታል፣ ያርፋል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ደግሞ አንድ። ሀምዱ አትግቡ አላለም። እኔ ሦስት መትቼ እየመጣሁ ነው ስለው ሰምቶኛል፤ እሱም እየቆፈረ ወደ እኔ እየመጣ ነበር። ስምንት ሜትር ነው የቀረው። እኛ በአንድ ቀን አራት ቆፍረን ነበር።

«ጋሼ» አለች ሱሀይላ ከኋላዬ፣ «ምን እያደረጉ ነበር?»

«እኔ እንጃ» አልኋት።

አጥንቱ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ በባሬላ ወጣ። ሰው ሁሉ እጄን ይጨብጣል። አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ከባሬላው ጎን ፎቶ ሊያነሳኝ ሞከረ፤ በጥፊ ልለው ትንሽ ነው የቀረኝ። ያየሁትን ማንም አላየውም። ሱሀይላ ጉድጓዱን አይታለች፣ ትርጉሙን ግን የሚያውቅ የድሮ ቆፋሪ ብቻ ነው፤ የድሮ ቆፋሪ ደግሞ ከእኔ በቀር አልተረፈም። ዝም ብል ዘሊካ በባሏ ኮርታ ትኖራለች። ኢልሀም ለልጆቿ ትነግራለች። እኔም የዳንሁ ሰው እባላለሁ። ማንን ይጎዳል? ይኼን እያልሁ ዳገቱን ወጣሁ። የሀምዱ የድንጋይ ድርድር ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሁለት ቀን ምግብ ሳይቀምስ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ድንጋዩን ደርድሮ። መንገዱን ለሚመጣው ሰው ያጸዳ ነበር። ለእኔ።

ከሰዓት በኋላ ዘሊካ ቤት ደረስሁ። ለለቅሶ የመጡትን ሴቶች ወደ ጓዳ ላከቻቸውና በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ነገሩን አላስረዘምሁትም። አንዱ ምት የዲጂኖ እንደነበር ነገርኋት።

አላለቀሰችም። «ወደ እናንተ ነው የሚቆፍረው?»

«ወደ እኛ።»

«ስንት ቀርቶት ነበር?»

«ስምንት ሜትር።»

«ስምንት ሜትር ስንት ነው?»

በእጄ አሳየኋት። «ከዚህ እስከ አጥሩ በር።»

የአጥሩን በር አየችው። ዶሮዎች እዚያ አፈር ይጭራሉ። ዓይኗን ሳትነቅል ብዙ ቆየች። እኔ ስድብ ጠበቅሁ፣ እርግማን ጠበቅሁ፣ ቢመጣልኝ ደስ ባለኝ።

«ነገ መቃብሩን አንተ ነህ የምትቆፍረው» አለችኝ። «ብቻህን።»

«ቅሬው አይፈቅድም ዘሊካ።»

«ለቅሬው እኔ እነግረዋለሁ። አሁን ሂድልኝ።»

ቅሬን የማያውቅ ካለ ልንገረው። በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀበረው። ሰው ሲሞት ወንድ የተባለ ሁሉ ዲጂኖና አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። መቃብር እየተቀባበሉ ነው የሚቆፈረው፤ አንዱ ሁለት መትቶ ሌላው ይነጥቀዋል። አንድ ሰው ብቻውን የሚቆፍረው ወገን ለሌለው ሟች ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ዕድሜ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት መቶ የሚሆን ሰው መሣሪያውን ይዞ መጣ። ዘሊካ ጋሽ ቢተውን ለብቻ አነጋገረቻቸው። እንዲህም እንዲያም እያሉ ሲከራከሯት በሩቁ አያለሁ፤ ነውር ነው የሚሏት ይመስለኛል። ከዚያ መከራከሩን ተዉ። ወደ ሰዉ መጥተው «መሣሪያችሁን አስቀምጡ» አሉ። እኔን አላዩኝም። ያዘጋጁትን ንግግርም አላደረጉም።

ጀመርሁ። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። የመካነ ሰላም አፈር ክንድ ያህል ይሰጥህና ከዚያ በታች ድንጋይ ነው። አፈሩን ቶሎ ጨረስሁት፣ ድንጋዩ ላይ ደረስሁ። ፀሐይ ወጣች። ሰዉ ዙሪያውን ቆሟል፤ እጁ ያቁነጠንጠዋል፣ አንዳንዱ ወደፊት ይልና ጋሽ ቢተው በዓይን ይመልሱታል። ወገብ ያህል ስገባ እጄ ደማ። ደረት ያህል ስገባ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። እንደ መጀመሪያው ደጋግሜ መምታት አቃተኝ። አንድ እመታለሁ። ዲጂኖውን ተደግፌ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ደግሞ አንድ እመታለሁ።

ዘሊካ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ወይራው ሥር ነበረች። ሴት መቃብር አፋፍ አትቆምም። ተነስታ ስትመጣ ግን የከለከላት የለም፤ ሼኩም መንገድ ለቀቁላት። አፋፉ ላይ ቆማ ወደ ታች አየችኝ። እኔ ቀና ማለት ፈራሁ። ዲጂኖዬን አነሳሁና አንድ መታሁ። አረፍሁ። አንድ መታሁ።

«እንዲህ ነበር የሚሰማው?» አለችኝ።

«እንዲህ ነበር።»

«ቀጥል» አለችና እዚያው ቆማ ታዳምጥ ጀመር።